በሁዳዴ በላሁት ያልኩት የረጋ ወተት

ጓንዡ አሥራ አንድ ጊዜ ሄጃለሁ። ጓንዡ ቻይና ውስጥ ያለች ትልቅ ከተማ ናት፤ ከጆሃንስበርግ ዕቃ ሊያመጣ የሚሄድ ሐበሻ አብዛኛው የሚወርደው እዚያ ነው። አሥራ አንዴ ተመላልሼ ያየሁት ሦስት ነገር ነው። የሆቴሉን ክፍል፣ አምስት ፎቅ ሙሉ ብርድ ልብስ የተቆለለበትን የጅምላ ገበያ፣ ደግሞ በሁለቱ መሃል ያለውን መንገድ፣ እሱንም በመኪና መስኮት። ሌላ አላየሁም። ይህቺን አጭር ነገር ለመናገር ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። ዝም ብዬ በቆየሁበት ጊዜ የበደልኩት ልጄን ነው።

ሥራዬ ብርድ ልብስና መጋረጃ ነው። ጄፒ በምንለው የሐበሻ ገበያ፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ እጄን ብዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ የምነካባት ሱቅ አለችኝ። እዚህ አገር ብርዱ የሚመጣው ሰኔ ላይ ነው። ዕቃው ግንቦት ላይ ካልደረሰ የዓመቱ ሥራ አለቀ ማለት ነው፤ መርከቡ ደግሞ ከወር በላይ ባሕር ላይ ይቆያል። ስለዚህ የምሄደው ሁልጊዜ የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት ነው። ያ ደግሞ ሁዳዴ ነው። አሥራ አንዱንም ጊዜ በጾም ነው የሄድኩት፣ አንድም ቀን አልገደፍኩም። ከዚህ ቆሎ በፌስታል ቋጥሬ እሄዳለሁ፣ እዚያ ሙዝና ነጭ ሩዝ እጨምርበታለሁ፣ በቃ። በምን ቅባት እንደተሠራ የማላውቀውን ነገር አልነካም። ይህንን ለሰው ሁሉ አወራ ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ገበያ ውስጥ፣ በስልክ። እመካበት ነበር ማለት ይሻላል።

እዚያ አስተርጓሚዬ አንዲት ሴት ነበረች፣ አሥራ አንዱንም ጊዜ እሷው ነች። ዕድሜዋ ከእኔ ትንሽ ዝቅ ቢል ነው። አጭር ናት፣ ስትራመድ ግን የሚደርስባት የለም። እንግሊዝኛዋ እንደ እኔው ስብርብር ያለ ስለሆነ በደንብ እንግባባለን። የከተማዋ ተወላጅ ናት፣ በከተማዋም ትኮራለች። ወደ ገበያ ስንሄድ ሹፌሩ መብራት ላይ በቆመ ቁጥር በጣቷ ታሳየኛለች። ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሳበትን ረጅሙን ማማ አታሳየኝም። እሱን "ተወው፣ እሱ የእንግዳ ነው" ትለዋለች። የምታሳየኝ ሌላ ነው።

ወንዙን የሚያሻግር ርካሽ ጀልባ አለ፤ እንግዳው ወደ ባለመብራቱ መርከብ ሲጋፋ የከተማው ሰው ሳይክሉንና የጎመን ዘንቢሉን ይዞ በዚህኛው ይሻገራል። ፎቆች የከበቧት የጥንት መንደር አለች፤ በመሃሏ ቦይ ያልፋል፣ የአንዳንዱ ቤት ግድግዳ የባሕር ዛጎል እንደ ድንጋይ ተደርድሮ የተሠራ ነው። ጠዋት ጠዋት ሽማግሌዎች ወፋቸውን በቀርከሃ ቤቷ አድርገው መናፈሻ ያመጣሉ፤ ቅርንጫፍ ላይ ይሰቅሏትና ከሥር ተቀምጠው ያወራሉ፣ ወፎቹም ከላይ ያወራሉ። በሩ ስለማያስታውቅ ሰው ሁሉ አልፎት የሚሄድ የአበባ ቦታ አለ፣ ኦርኪድ ብቻ የተተከለበት፤ ከግንቡ ውጭ መኪና ይጮኻል፣ ውስጥ ውኃ ጠብ ሲል ይሰማል። በድሮው ሰፈር ደግሞ፣ ፎቁ ወደ ውጭ ወጣ ብሎ እግረኛውን ከዝናብ በሚያስጠልልበት መንገድ ላይ፣ የጎሽ ወተት አርግተው በሳህን የሚሸጡበት ጠባብ ቤት አለ።

"ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ብቻ ስጠኝ" ትለኛለች።

"ሥራ" እላታለሁ። "ብላንኬት።"

"ብላንኬት እግር የለውም።"

"ገዢው ግን እግር አለው።"

ትስቃለች፣ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል። በየዓመቱ ጠየቀችኝ፣ በየዓመቱ እምቢ አልኳት። ሰው አገር ሄዶ ወፍና አበባ ማየት ሥራ ፈትነት ነው ብዬ ነው የማምነው። አንዴ እምቢ ካልኩ ደግሞ ነገሩ መልካም እንደሆነ ባውቅም አልመለስም።

ልጄን አዲስ አበባ፣ ኮልፌ፣ ከእናቷ ጋር ትቻት ስወጣ አራት ዓመቷ ነበር። አሳደግኳት ካልኩ በስልክ ነው ያሳደግኳት። ከሕፃን ጋር በስልክ ምን ይወራል? "ትምህርት እንዴት ነው?" ትላታለህ፣ "ደህና ነው" ትልሃለች፣ ከዚያ ሁለታችሁም ዝም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከጓንዡ ስደውልላት ግን "አባዬ፣ ዛሬ ምን አየህ?" አለችኝ። ያየሁት ብርድ ልብስ ነው። አፌ ላይ የመጣልኝ ያቺ ሴት መኪና ውስጥ ያወራችው የወፎቹ ነገር ነበር። "ሽማግሌዎች ወፋቸውን ሲያናፍሱ አየሁ" አልኳት። ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። በማግስቱ ጀልባውን ጨመርኩላት፣ ተሳፍሬ ተሻገርኩ አልኳት። በሚቀጥለው ዓመት መንደሯን፣ ከዚያ የአበባውን ቦታ፣ ከዚያ ወተቱን። ወተቱን በላሁት አልኳት። "ሞቅ ያለ ነው፣ ላዩ ቆዳ አለው፣ ማንኪያ ሲነካው ይንቀጠቀጣል" አልኳት። ሌላው አባት ለልጁ ጫማ ይገዛል፣ ትምህርት ቤት ያደርሳል። እኔ የምሰጣት ይኸው ወሬ ነበር። እሷ ደግሞ አንዷን ሳትጥል ያዘችው።

አድጋ ዩኒቨርሲቲ ጨረሰች፣ ለተጨማሪ ትምህርት ቻይና ነጻ ዕድል አገኘች፣ ሁለት ከተማ ቀረበላት። ጓንዡን መረጠች። "እሷን ከአንተ ስለማውቃት እንግዳ አልሆንም" አለችኝ። መናገር የነበረብኝ ያን ቀን ነው። ደስ ስላለኝ ዝም አልኩ።

በሄደች በጥቂት ወር ወረርሽኙ ገባ። ተማሪዎቹን ማደሪያቸው ውስጥ ዘጉባቸው፣ ጓደኞቿ ብዙዎቹ በጊዜ ወደየአገራቸው ተመለሱ፣ እሷ ስትወላውል በረራው ቆመባት። ትንሽ ቆይቶ እኛም ተዘጋን። ሂልብሮው በሚባለው የጆሃንስበርግ ሰፈር፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍቱ ከሞተ ዓመታት ባለፈው ሕንፃ፣ አንዷን ክፍል በመጋረጃ ከፍለን ከአንድ የሆሳዕና ሰው ጋር እኖራለሁ። መጋረጃው የራሴ ሸቀጥ ነው። እሱ ክሊፕታውን በሚባለው የከተማው ዳር ሰፈር ስፓዛ ነበረው፣ ማለት ሰው ግቢ ውስጥ የምትከፈት ትንሽ የዳቦና የስኳር ሱቅ። በወረርሽኙ ጊዜ የሚጠየቀውን ፐርሚት ሳያገኝ ቀረና ዘግቶ እኔ ጋ መጣ። ጴንጤ ነው፣ ቀልደኛ ነው፣ ከእኔ በሃያ ዓመት ያንሳል። በመጋረጃው ወዲያ ሆኖ የምተነፍሰውን ሁሉ ይሰማል።

ያን ዓመት ከልጄ ጋር በየቀኑ አወራን። ሱቅ የለ፣ መንገድ የለ፤ እኔ ዘጠነኛ ፎቅ፣ እሷ ማደሪያዋ። የእነሱ ሰዓት በስድስት ስለሚቀድም የእሷ ከሰዓት በኋላ የእኔ ጠዋት ነው። ሁለተኛው ዓመት ሁዳዴ ከተያዘ በኋላ አንድ ጠዋት ደወለች።

"አባዬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መውጣት ተፈቀደልን።"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"አንተ የሄድክባቸው ቦታዎች ልሄድ ነው። ሁሉም ጋ። ሌሎቹ ማማው ጋ እንሂድ ይላሉ፣ እኔ አልሄድም። በየት በየት በኩል እንደሆነ ንገረኝ።"

ነገርኳት። ምን ላድርግ? ያቺ ሴት እያለፍን ስለምታሳየኝ አቅጣጫውን አውቀዋለሁ፤ ከየትኛው ድልድይ በኋላ እንደሆነ፣ ከየትኛው ገበያ ጀርባ እንደሆነ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስረዳኋት፣ እሷም ጻፈች። ስልኩን ስዘጋ ከመጋረጃው ወዲያ ድምፅ መጣ።

"ጋሼ፣ ቻይናን እንዲህ ካወቅካት አስጎብኚ መሆን ነበረብህ። ጆበርግን እንደሆነ ከጄፒ እስከዚህ ደረጃ ብቻ ነው የምታውቃት።"

"አንተ ሥራህን ሥራ።"

"ሥራ የት አለና። ስንት ዓመት ክሊፕታውን ና ብዬህ አንድ ቀን አልመጣህም እኮ። ቻይና ላይ ነው እንዴ እግርህ የሚፈታው?"

መጋረጃውን ሳብ አድርጌ ዘጋሁት።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ጀልባው ጋ ሄደች። ማስክ አድርጋ፣ በር ላይ ጤነኛ መሆኗን የሚያስረዳውን አረንጓዴ ምልክት በስልኳ አሳይታ ገባች፣ ከዚያ በቪዲዮ ደወለችልኝ። ወንዙን አየሁት። ቡና ዓይነት ነው፣ ሰፊ ነው። አንዲት ሴትዮ የሽንኩርት እስር ይዛ ቆማለች፣ አንዱ ሳይክሉን ደገፍ ብሎ ያንቀላፋል። ሁሉም ያቺ ሴት እንዳለችው ነው። ልጄ ፊቷን ወደ ስልኩ አዙራ "አንተ የት ጋ ነበር የቆምከው?" አለችኝ።

"ከፊት፣ በግራ በኩል" አልኳት።

ሰዉን ይቅርታ እየጠየቀች አልፋ ሄዳ እዚያ ቆመች። እግሯን እንኳ አስተካከለች። እኔ ቆሜ የማላውቅበት ቦታ ላይ ልጄ ተጠንቅቃ ስትቆም ሳይ ጆሮዬ ጋለ። "አዎ፣ እዚያ ጋ" አልኳት።

በሁለተኛው ቅዳሜ ወደ ዛጎሉ መንደር ሄደች። ግድግዳው እውነትም ዛጎል ነው፣ አፉ ወደ ውጭ የዞረ፣ ብዙ ሺህ። ከቤቱ ፊት አንዲት አሮጊት አሣ ያሰጣሉ። ልጄ መዳፏን ግድግዳው ላይ አድርጋ "ይሻክራል" አለች።

"ቀስ በይ፣ እኔንም ጭሮኛል" አልኳት። ማንም ሳይጠይቀኝ። ለምን እንዳልኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

በሦስተኛው ቅዳሜ ወደ ወተቱ ቤት ሄደች።

ቤቱ ጠባብ ነው፣ ጠረጴዛ በጠረጴዛ ላይ የተጣበቀ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ የሆነ ነገር አስደግፋ ተቀመጠች። "እኔ እንኳ አልበላም፣ ጾም ነው፣ ቤቱን ልይ ብዬ ነው" አለችኝ። ሻይ አዝዛለች። ስልኩን አንስታ አጠገቧ ያለው ሰውዬ ፊት ያለውን ሳህን በስርቆት አሳየችኝ። ነጭ ነው፣ ላዩ ቆዳ ይዟል፣ ሰውዬው ማንኪያ ሲሰድበት ተንቀጠቀጠ። ልክ እንደነገርኳት ነው። ፈገግ አለች፣ ከዚያ ፈገግታዋ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁ።

"ቆይ ግን አባዬ። አንተ ቻይና የምትመጣው ሁልጊዜ በሁዳዴ አይደለም እንዴ?"

"ነው።"

"አሥራ አንዱንም?"

"አሥራ አንዱንም።"

"ታዲያ ወተቱን መቼ በላኸው?"

ሁለት ነገር እመካበት ነበር፤ ከተማዋን አውቃታለሁ፣ ጾሜንም አልገደፍኩም። ይህን ሁሉ ዓመት ሁለቱንም በአንድ አፍ ሳወራ እርስ በርስ እንደሚጣሉ አልታየኝም። አሁን አንዱን መጣል ሊኖርብኝ ነው። ውሸቱን ብጥል ኖሮ አንድ ነገር ነው፤ እኔ እውነቱን ጥዬ ውሸቱን አስቀረሁ።

"ገድፌ ነው የበላሁት" አልኳት።

ሻይዋን ገፋ አደረገችው።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አፍሬ።"

ዞር ብላ ለአስተናጋጇ በቻይንኛ አንድ ነገር አለቻት። ሳህን መጣ። ማስኳን ወደ አገጯ አወረደች። "አንተም ሰው ነህ ማለት ነዋ" አለችኝ፣ ማንኪያውንም አነሳች። ከመጀመሪያው ማንኪያ እስከ መጨረሻው አየኋት። ተይ አላልኳትም። ልጄ በሁዳዴ ወተት ስትበላ አየሁ።

ስልኩ እንደተዘጋ መጋረጃው ተከፈተ። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲሰማ አንኳኩቶ የሚገባ ሰው አይደለም።

"ጋሼ፣ ባለፈው ለእኔ ያልከኝ በቆሎና በሙዝ ነው የጾምኩት ነበር። ለእሷ ደግሞ ወተት በላሁ አልክ። ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው።"

"የአንተ ጉዳይ አይደለም።"

"የእኔ አይደለም፣ እኔ ሁዳዴም የለኝም። ግን የትኛው ነው? ንገረኝና ልተኛ።"

"ውጣ ከዚህ።"

"ወዴት ልውጣ፣ ክፍሏ እኮ አንዲት ናት" አለና ሄዶ ሻይ ጣደ። ለእኔም ቀዳልኝ፣ አልጠጣሁም። ሦስት ቀን አላናገርኩትም። በአንድ ክፍል ውስጥ ሰው ሳያናግሩ መኖር ከባድ ነው፤ አንዱ ሲዞር ሌላው መዞር አለበት። የንስሐ አባቴ በዚያው ሰሞን ደወሉ፣ አላነሳሁም። ምን ልበላቸው? ያልሠራሁትን ኃጢአት ሠራሁ ብያለሁ ልበላቸው?

በሳምንቱ አጋማሽ ልጄ ደወለች። ድምፅዋ ቀለል ብሏል።

"እውነቱን ልንገርህ አባዬ? ከቅዳሜ ወዲህ እንቁላል እየበላሁ ነው። ባለፈው ዓመት ሁዳዴን በሩዝና በጎመን ብቻ ነው የጾምኩት። ማደሪያ ውስጥ ሌላ የጾም ምግብ አያመጡልንም ነበር። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ወድቄ ልጆች ናቸው ያነሱኝ። አባቴ በቆሎና በሙዝ ከቻለው እኔ ምን ሆኜ ነው እያልኩ ነው የቆየሁት። አንተም እንዳልቻልክ ብትነግረኝ ኖሮ ምን ነበረበት?"

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የተያዝኩት። እኔ እኮ ችዬው ነበር። እውነቱን ብነግራት የቀለላትን ነገር መልሼ ልጭንባት ነው፤ አንቺ ገደፍሽ፣ እኔ አልገደፍኩም ማለት ነው። ዝም ብል ደግሞ እንቁላሏን ትብላ፣ ጤናዋ ይመለስ፣ ማን ተጎዳ? ይህንን ሁለት ቀን አገላበጥኩት። በመጨረሻ አብሮኝ የሚኖረውን ሰው አናገርኩት፣ ሁሉንም ነገርኩት። አልሳቀም። እኔ ደግሞ እንዲስቅብኝ ፈልጌ ነበር።

"ዝም የምትለው ለእሷ ብለህ ነው ወይስ ለራስህ?" አለኝ።

"ለእሷ።"

"እሺ። ለእሷ ከሆነ መልካም።" ወደ መጋረጃው ወዲያ ሄደ። "ለእሷ ከሆነ እንቅልፍ ይወስድሃል" አለ ከዚያ ሆኖ።

አርብ ጠዋት ስልኬ ላይ ጽሑፍ መጣ። ልጄ ናት የላከችው። ጓንዡ ላሉ የሐበሻ ተማሪዎች ግሩፕ ልትለጥፈው ያዘጋጀችው ነው፣ እንግዳ የማያውቃቸው የከተማዋ ቦታዎች ብላ። "ከመለጠፌ በፊት አንብበውና የተሳሳተ ካለ ንገረኝ" ትላለች። ቀስ ብዬ አነበብኩት። እኔ ማንበብ አይቀናኝም፣ ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ ነው የምሄደው። ጀልባው ጋ፣ መሳፈሪያው በየት እንደሆነ ከጻፈች በኋላ፣ "አባቴ የቆመው ከፊት በግራ በኩል ነው፣ ወንዙ ከዚያ ነው የሚያምረው" ብላለች። መንደሯ ጋ፣ "ግድግዳው አባቴን ጭሮታል፣ እጃችሁን ጠብቁ።" ወተት ቤቱ ጋ ስደርስ ጣቴ ቆመ። እንዲህ ይላል፦ "አባቴ በሁዳዴ ጾሙን ገድፎ የበላው እዚህ ነው። ብቻውን ነበር፣ ደክሞት ነበር። እዚህ ስትቀመጡ ለእሱ አትፍረዱበት።"

ይቅር ብላኛለች። ላላደረግኩት ነገር ይቅር ብላ፣ ሰውም ይቅር እንዲለኝ ልትለምንልኝ ነው። ወረቀት ቢሆን እቀደው ነበር። ስልክ አይቀደድም።

ወዲያው ደወልኩ። በድምፅ ብቻ፤ ፊቷን ማየት አልቻልኩም።

"አነበብከው?" አለችኝ።

"አትለጥፊው።"

"ለምን? የወተቱን ላውጣው? አፈርክበት?"

"አላየሁም።"

"ምኑን?"

"አንዱንም። ጀልባውን አልተሳፈርኩም። መንደሯ አልሄድኩም። ወፎቹንም አበባውንም አላየሁም። ከአስተርጓሚዋ የሰማሁትን ነው የነገርኩሽ። እሷ አሳይሃለሁ ስትል እምቢ እያልኩ አሥራ አንዴ ተመለስኩ።"

"ግን ግድግዳው ጭሮኛል ብለኸኝ..."

"ውሸት ነው።"

ከእሷ በኩል ሰው ኮሪደር ላይ ሲስቅ ይሰማል።

"ወተቱንስ?"

"እሷ ገዝታ መኪናው ድረስ አምጥታልኝ ነበር፣ በሁለት እጇ ይዛ። ጾም ላይ ነኝ ብዬ ማስረዳት ሰነፍኩ። ሳህኑን በእጄ ገፋሁት። መንገድ ዳር ቆማ ራሷ በላችው። እኔ መስኮቱን ዘጋሁ።"

"ስለዚህ ጾሙን አልገደፍክም።"

"አልገደፍኩም።"

"እኔ ግን ገደፍኩ።"

"አዎ" አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

"አየኸኝ እኮ አባዬ። ስበላ ታየኝ ነበር።"

"አይሽ ነበር።"

አልተሳደበችም፣ አላለቀሰችም። "እሺ" አለች፣ ስልኩም ተዘጋ። ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ሰው ያን ቀን አንድ ቃል አልተነፈሰም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ወጥቶ ማስክ ሲሸጥ ውሎ ሲመለስ ዳቦና ሙዝ ገዝቶልኝ መጣ፣ አጠገቤ አስቀመጠው፣ ሄደ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ አልደወለችም። የዚያኛውም። እኔ ደወልኩ፣ አላነሳችም፣ "ፈተና ላይ ነኝ" ብላ ጻፈች። ሱቅ ሄጄ እቀመጣለሁ። ገበያው ሞቷል፤ ካለፈው ዓመት የቀረውን ብርድ ልብስ አንስቼ እደራርባለሁ፣ መልሼ አወርዳለሁ። ሰው ምን ሆንክ ሲለኝ ወረርሽኙ ነው እላለሁ፣ ሁሉም እሺ ይላል። ስለ ቻይና ጾሜ ማውራት ግን ተውኩ። አንድ የገበያ ሰው ለሌላው "እኚህ ሰውዬ እኮ ቻይና ድረስ ሄደው ቆሎ ነው የሚቆረጥሙት" ብሎ ሊያሞግሰኝ ሲጀምር ተነስቼ ወጣሁ።

በፋሲካ ደወለች። "እንኳን አደረሰህ" አለችኝ።

"እንኳን አብሮ አደረሰን። ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ። ጽሑፉን ለጠፍኩት፣ ልኬልሃለሁ።"

ከዚያ ስለ እናቷ ጠየቀችኝ፣ እናቷን ከእኔ ይበልጥ የምታገኛት እሷ ሆና ሳለ። ጨዋ ጥያቄ ነው፤ ለሩቅ ዘመድ የሚቀርብ ዓይነት። ሲበቃ ደህና ሁን አለችኝ።

ጽሑፉን ጣቴ ስለደከመ አብሮኝ የሚኖረው ሰው እንዲያነብልኝ ሰጠሁት። ቦታዎቹ ሁሉም አሉ። ጀልባው፣ መንደሯ፣ የወፎቹ መናፈሻ፣ የወተቱ ቤት፤ የአበባውንም ቦታ እነዚያ ባልደወለችባቸው ቅዳሜዎች ብቻዋን ሄዳ አግኝታዋለች፣ በሩ ከየትኛው ዛፍ ጀርባ እንደሆነ ሳይቀር ጽፋለች። የት መቆም እንደሚያምር የጻፈችው አሁን ራሷ ቆማ ያየችውን ነው፤ ጀልባው ላይ ከኋላ በኩል ይሻላል ትላለች። መጨረሻ ላይ እንዲህ ይላል፦ "እነዚህን ቦታዎች በመጀመሪያ የነገረችን አንዲት የዚህች ከተማ ሴት ናት። አባቴ ነጋዴ ነበር፣ ለእሱ ነው የነገረችው። እሱ ግን አልሄደም።"

ሰውዬው ማንበቡን አቁሞ አየኝ።

"ሌላ የለውም?" አልኩት።

"ሌላ የለውም። ጥሩ ጽሑፍ ነው ጋሼ። እኔ እንኳ ልሄድ አማረኝ።"

ጥሩ ነው። ልክም ነው፣ የሚታረም አንድ ቃል የለበትም። የማላውቃቸው ልጆች አንብበውት እየሄዱበት እንደሆነ በኋላ ነገረችኝ፤ አንዷ በዛጎሉ ግድግዳ ፊት ፎቶ ተነስታ ልካላታለች። ከዚያ ወረርሽኙ አገርሽቶ ያ የድሮ ሰፈር ተዘጋ፣ እነሱንም እንደገና ዘጉባቸው፣ ወሬያችንም እየቀጠነ ሄደ። አልተጣላንም። በወር ሁለቴ ትደውላለች፣ ትምህርቷን ትነግረኛለች፣ መድኃኒቴን መውሰዴን ትጠይቀኛለች። ያመንኩትን ነገር አትጠቅስብኝም፤ አስታወሰችብኝ እንዳልል የምትጠነቀቅ ይመስለኛል። ጥንቃቄዋ ነው የሚያሳፍረኝ።

በሦስተኛው ዓመት ሁዳዴ ገባ። እኔ እንደ ልማዴ ያዝኩት። በጾሙ በሁለተኛው ሳምንት ደወለች፣ በቪዲዮ፤ ከስታ አየኋት፣ ወይም መሰለኝ፣ መብራቱም ሊሆን ይችላል። ከኋላዋ ጠረጴዛው ላይ ክዳን ያለው ሳህን ተቀምጧል። ምን እንዳለበት አይታይም። "ምን በላሽ?" ልላት አፌን ከፈትኩ። አባት ለልጁ የሚያቀርበው ቀላል ጥያቄ ነው፣ ሃያ ዓመት በደወልኩ ቁጥር ጠይቄያታለሁ። ግን ትጹም አትጹም ማወቅ የእኔ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ጥያቄውን ትቼ ስለ አየሩ ጠየቅኳት። ዝናብ ነው አለችኝ።